የክንፉ ወንድሞች

ጥቅምት 9

ክንፉ ጸደቀ።

ለተከበሩ አክስቴ፦ ደስታዬ ስለቀደመኝ ሰላምታው ወደ ኋላ ቀረ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለህ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አሁን ሥራው ስላለቀ መልስ አለኝ። ያቺ ፖስታና ሕመምተኛ የምታመላልሰው ትንሽ አውሮፕላን፣ ልጅዎ የምታበርረው ዓይነት፣ አዲስ ክንፍ ያስፈልጋታል ተባለ። አሮጌው ነዳጅ ይበላል። ክንፍ በዓይን ሲያዩት ሳንቃ ይመስላል እንጂ እያንዳንዱ ጉብታና ጉድባ አየሩን የሆነ ነገር ያደርገዋል። ድሮ ሰው ያስብና ይስላል፣ ይሠራል፣ ይሞክራል። እኛ ለኮምፒውተሩ እንነግረዋለን። «አውሮፕላኗን በዚህ ፍጥነት የሚሸከም፣ አየሩም ወደ ኋላ እንዳይጎትተው የሚያደርግ ቅርጽ ፈልግ» እንለዋለን። እሱም እዚህ ጋ ትንሽ ይጫናል፣ እዚያ ጋ ትንሽ ያሳብጣል፣ ያሰላል፤ ከተሻለ ይይዘዋል፣ ካልተሻለ ይጥለዋል። አይደክመውም፣ አይሰለቸውም።

የእኔ ድርሻ «ይህን አትንካ» ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ነዳጁ መንገር ረሳንና ክንፉን እንደ ወረቀት አሳስቶ አመጣልን። አየሩ ጭራሽ አይጎትተውም፣ ግሩም ነበር። ነዳጁ ግን የሚቀመጠው ክንፉ ውስጥ ነው፤ ቦታ የለም። ኮምፒውተሩ ክፋት የለውም። የጠየቁትን ይሰጣል፣ ያልጠየቁትን ይወስዳል።

ያሁኑ ክንፍ ከመቶ ሰባት እጅ ነዳጅ ያተርፋል። ግምገማው ላይ አለቃዬ እጄን ጨበጠኝ፤ ሰው የሚጨብጥ ሰው አይደለም። አሁን የክንፉ ንድፍ ወደ ፋብሪካ ሄዷል። ተሠርቶ ይገጠምና ይሞከራል።

ልጅዎ ኮሚቴ እንዴት ናት? አሁንም ስብሰባውን ለብቻዋ ጠርታ ለብቻዋ ነው የምትወስነው? አንድ ቀን በእኔ ክንፍ ትበር ይሆናል ይበሏት።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 3

ለወንድሜ ልጅ፦ ባለህበት ክፉ ደጅህን አይርገጠው፤ የያዝከው ይቅናህ፤ የሰው አገር ሰው ይሁንልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ሙሉ ነኝ። ጉልበቴ የራሱን ሕይወት ነው የሚኖረው፤ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ስልክ ለምን አይደውሉም ስትለኝ ኖረሃል፤ መልሴን ታውቀዋለህ። ዕድሜዬን ስልክ ቤት ተቀምጬ የሰው መስመር ሳገናኝ ኖርኩ። የሰው ወሬ ጆሮዬን ሞልቶታል። ደግሞም መስመር ላይ ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው አለ። እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ አውቃለሁ።

ደብዳቤህን ለኮሚቴ አነበብኩላት። «ሳንቃ ይመስላል?» አለች። «እማዬ፣ ሳንቃ የሚመስለው ተቀምጦ ለሚያየው ነው በይው።» ከዚያ ሳቀችና የሆነ ነገር እንደደበቀች ሁሉ ማዕድ ቤት ገባች። ተከተልኳት።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ምንም።»

«አንቺ ልጅ!»

መሥሪያ ቤታቸው ያንን ክንፍ ለመግዛት ፈልጓል አሉ። ስለዚህ ፋብሪካው ክንፉን ሲሞክር ከእነሱ ወገን አንድ አብራሪ አብሮ እንዲሞክር ይላካል። እሷ ናት።

«መረጡሽ ወይስ ጠየቅሽ?» አልኳት።

«ከአጎቴ ልጅ ክንፍ ላይ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሊወጣ? እጄን አወጣኋ!» አለች።

ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። «ልጄ በወንድሜ ልጅ ክንፍ ልትበር ነው» ስላት፣ «ቤትሽ ክንፍ አይጠፋም ማለት ነው፤ ስኳር ነው እንጂ የሚጠፋው» ብላ ብርጭቆዋን ዘረጋች። እሷ ናት ሁልጊዜ የምትበደረው፣ ነገር ግን አፍ አላት።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የክንፉን ፎቶ ላክልኝ። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ካንተ ምረቃ ፎቶ አጠገብ ቦታ አለ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 1

ለተከበሩ አክስቴ፦ ሰላምታዬ ይድረስዎት። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያዘገየሁት።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው። የምኖርበትን መንገድ ለቧንቧ እየቆፈሩት ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤቴ በር እስከ አስፋልቱ በሳንቃ ላይ ነው የምንሻገረው፤ አንዳንዱ ሰው እጁን ዘርግቶ እንደ ገመድ ተራማጅ ነው የሚሄደው። የታችኛው ፎቅ ሽማግሌ ለቆፋሪዎቹ በመስኮት ሆኖ ትእዛዝ ይሰጣል። ትናንት ሳይታወቃቸው የእሱን ውሃ ቆረጡበት፤ አሁን ዝም ብሏል። ቁፋሮው እስከ መጋቢት ይዘልቃል ይላሉ። አቧራው ለመስኮት አይመችም።

የክንፉን ፎቶ አልላክሁም፤ ገና አላማረልኝም።

ኮሚቴ የምትሄድበት ቀን ተቆረጠ? ከተቆረጠ በፈጣን ፖስታ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ስትሄድስ የትኛውን ሙከራ ነው የምታደርገው? በሙሉ ፍጥነት መብረሩን ነው ወይስ አዝግሞ መብረሩን? አዝግሞ መብረሩን የፋብሪካው አብራሪ ብቻውን ቢያደርገው አይሻልም ይሆን? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ጉንፋኗ ተሻላት? ጉንፋን የያዘው ሰው ባያበርር ይመረጣል። ጆሮ ይጎዳል።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 16

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ ምርቃቱን አሳጥሬዋለሁ፤ የቀረውን መልስህን አይቼ እልክልሃለሁ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጉልበቴ የለበትም። በዚህ ወር ስለ ጉልበቴ ሳይጠይቀኝ ያለፈ ሰው ቢኖር አንተና ቆጣሪ አንባቢው ናችሁ። ጉንፋኑንስ ከየት አመጣኸው? ያመማት አምና ነው፤ ያኔ እንኳ «ይማርሽ» አላልካትም።

ልጄ፣ እኔ የሰው ድምፅ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ክፉ ወሬ የያዘ ሰው መስመር እንደተገናኘለት ወሬውን አይናገርም። ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ ጎረቤት ያወራል። አንተ ስለ ቧንቧ ቁፋሮ ጻፍክልኝ። የማላውቀውን ሽማግሌ ውሃ ቆረጥክብኝ።

የጠየቅከውን ይኸው። ቀኑ የካቲት 6 ነው። ምን እንደምትሠራም ጠይቄልሃለሁ። ልብስ እያጠፈች ነበር።

«አዝግሞ መብረሩን» አለችኝ። «ፍጥነት እየቀነስሽ፣ እየቀነስሽ ትሄጃለሽ፤ አየሩ ክንፉን እስኪለቀው ድረስ። ሲለቀው መልሰሽ መያዝ ነው። ምነው?»

«የአጎትሽ ልጅ ጠይቆ ነው።»

«ኮርቶ ነዋ!» አለች። ሸሚዙን ግን አጥፋ ስትጨርስ እንደገና ዘረጋችው።

እኔ የኩራት አልመሰለኝም። ስለ አየር አታስረዳኝ፤ አይገባኝም፣ ብታስረዳኝም ከሚገባኝ ውስጥ ደስ የሚለኝን ብቻ ነው የምይዘው። አንድ ነገር መልስልኝ። ያ ክንፍ ተገጥሞ፣ እሷ ያን ልታደርግ ስትነሳ፣ አንተ ከጎኗ ትቀመጣለህ? እቀመጣለሁ ወይም አልቀመጥም በለኝ።

እሷን በእናትነቴ ማስቀረት አልችልም። ታውቃታለህ፤ ስብሰባው አልቋል። መልስህ እስኪመጣ ግን ለእሷ ምንም አልነግራትም።

አክስትህ


ታኅሣሥ 29

አልቀመጥም።

አክስቴ፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ከሥራ ስመለስ ነው። ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ጋ ገባሁ። ይህን የምጽፈው ከእሱ ቢሮ ወጥቼ ነው።

ስለ አየር አታስረዳኝ ብለዋል። ጥቂት ብቻ ይታገሡኝ፤ ነገሩ ከአየሩ ይልቅ ስለ እኛ ስለ ሰዎቹ ነው። አየሩ ክንፉን ሲለቀው ደግ ክንፍ መጀመሪያ የሚለቀቀው ሥሩ ጋ ነው፣ ከገላው ጋር የሚገጥምበት። ያኔ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አብራሪውም መልሶ ይይዘዋል። ጫፉ ቀድሞ ከተለቀቀ ግን አንዱ ጎን ይወድቃል። ይገለበጣል።

ይህን ማስላት ለኮምፒውተሩም ከባድ ነው፤ አየሩ ይተራመስበታል። በነፋስ ክፍል፣ ነፋስ በማሽን በሚለቀቅበት፣ በትንሽ አምሳያ መሞከሩም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉን ቅርጽ አንፈትሽም። በቢሯችን የወንድም ደንብ የምንለው አለ። አዲሱ ቅርጽ ከተፈተሸው የሚለየው ከጸጉር ውፍረት በታች ከሆነ ወንድሙ ነው፤ የወንድሙ ፈተና ለእሱም ይቆጠርለታል።

አንዱን ቅርጽ በደንብ ፈተሽነው። ደግ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሩን «ትንሽ ጨምርበት» አልነው፤ ወንድሙን አመጣ። ደግሞ ትንሽ አልነው፤ የወንድሙን ወንድም አመጣ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሄድን። እያንዳንዱ እርምጃ ደንቡን ጠብቋል። የመጨረሻውን ከመጀመሪያው አጠገብ ያስቀመጠ ግን ማንም አልነበረም።

ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፣ እርስዎ ፎቶ ሲሉኝ። ለግድግዳዎ የሚያምረው የቱ ነው ብዬ የድሮውንና ያሁኑን ጎን ለጎን ከፈትኩ። አይተዋወቁም። ያሁኑ ጫፉ ላይ፣ አየሩን የሚገጥመው ግንባሩ እንደ ቢላ ሾሏል። በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ጥቅሙ እዚያ ነው ያለው፤ ኮምፒውተሩም ያገኘው እዚያ ነው። ሲያዘግም ምን እንደሚሆን አልጠየቅነውም፤ ወንድሙ ተጠይቋል ብለን።

ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ ሳሰላ ነበር። ስሌቱ አንዴ ጫፉ ይቀድማል ይላል፣ አንዴ አይቀድምም ይላል። እርግጠኛ ሳልሆን ሰው አላስደነግጥም ብዬ ዝም አልኩ። ጥያቄዎ ግን እርግጠኛ ነህ ወይ አይልም። ትቀመጣለህ ወይ ነው የሚለው። ያንን ለመመለስ ስሌት አላስፈለገኝም።

አለቃዬ ሻዩን እያማሰለ ሰማኝ።

«ክንፉ ተሠርቶ አልቋል» አለ። «በዚህ ሳምንት ሊገጥሙት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጫፉ ይቀድማል ነው የምትለኝ?»

«አላውቅም ነው የምልህ።»

«አላውቅም ብለህ ፋብሪካ ታስቆማለህ?»

«አንተስ ታውቃለህ?»

ሻዩ ውስጥ ስኳር አልነበረም፤ ዝም ብሎ ያማስለዋል። «የወንድም ደንቡን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«የዚህን ክንፍ የመጀመሪያ ሽያጭ የሚወስኑት በየካቲት እንደሆነስ?»

«እሱንም።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ስልኩን አንስቶ የፋብሪካውን ኃላፊ አስጠራ። እኔን በእጁ «ውጣ» አለኝ፤ ተቆጥቶ ይሁን አፍሮ አልገባኝም።

አሁን ምን እንደሚከተል አላውቅም። ለኮሚቴ ሊነግሯት ከፈለጉ ይንገሯት፤ እኔንም ትደውልና ትስደበኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው?

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 19

ለወንድሜ ልጅ፦ የቀረብህን ምርቃት አሁን ልክፈልህ። እጅህ አይዛል፣ አንደበትህ አይታሰር፣ ደግ አለቃ አይጥፋብህ፤ የምትወደው ሁሉ ከሄደበት በሰላም ይመለስልህ።

መልሱን ያዘገየሁት በቁርጥ የሚጻፍ ነገር እስኪኖረኝ ነው። «አልቀመጥም» የሚለውን አንብቤ እኔ ተቀመጥኩ። ደግሞ ሳስበው ግን የፈራሁትን የሚፈራ ሌላ ሰው መኖሩ እንዴት ያሳርፋል!

ኮሚቴ ሙከራው ተራዘመ ሲሏት ቤቱን አመሰቃቀለችው። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረች፣ ሶፋው ላይ እኔ ነበርኩ።

«ማን ነው ያስቆመው?»

«የአጎትሽ ልጅ» አልኳት።

«ሳንቃው?» እንዲህ ነው የምትልህ አሁን። «የራሱን ክንፍ? ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?»

«አንቺ ስለምትወጪበት ነው።»

«ሌላ ሰው ቢሆንስ አያስቆመውም ነበር ማለት ነው?»

ይህን እንኳ አንተው መልስላት፤ እኔ አላወቅሁም። ሄጄ በዓይኔ አያለሁ አለች፤ የመሥሪያ ቤቷን ሰዎች አስፈቅዳ ሄደች። ባለፈው ሳምንት ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ የክንፉን ትንሽ አምሳያ ሠርተዋል» አለችኝ። «ላዩን ሁሉ አጫጭር ክር ለጥፈውበታል። ነፋሱን ለቀቁበትና ቀና ቀና ያደርጉት ጀመር። መጀመሪያ ክሩ ሁሉ የተበጠረ ጸጉር ይመስል ተኝቷል።»

«እሺ?»

«ከዚያ የጫፎቹ ክሮች ተነስተው ይንዘፈዘፉ ጀመር። የሥሮቹ ንቅንቅ አላሉም።»

«መጥፎ ነው?»

«ደገሙት፣ ደገሙት። አንዴ የግራው ይቀድማል፣ አንዴ የቀኙ። በየት በኩል እንደምትወድቂ እንኳ አይነግርሽም።» ከዚያ ብድግ ብላ የተሠራውን ምግብ ከነድስቱ አቅርባ በላችው። እኔም የዚያን ዕለት ጉልበቴ ትዝ አላለኝም።

እንግዲህ አትደብቀኝ። አለቃህ ከሥራ አስወጣህ እንዴ? እሷማ «ተስተካክሎ ሲሠራ እኔው ነኝ የማበርረው» ብላ ወስናለች። አሁን ስትለው ግን ሸሚዙን አንዴ ብቻ ነው ያጠፈችው።

አክስትህ


ነሐሴ 11

ለተከበሩ አክስቴ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎት መንጃ ፈቃዴን ለማሳደስ ወረፋ ይዤ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ከሦስቱ መስኮቶች የሚሠራው አንዱ ነው።

ኮሚቴ ትናንት ማታ ደውላ «ደህና ነኝ» እንዳለችዎት ነግራኛለች። እሷ ስትናገር ከዚህ እንደማታስረዝም ስለማውቅ የቀረውን እኔ ልንገርዎት።

በየካቲት ለጠየቁኝ ዘግይቼ ስመልስ፦ አለቃዬ ከሥራ አላስወጣኝም። ደንቡን ነው ያስወጣው። አሁን በቢሯችን ወንድም የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ለእናቱ አንድ ነው፣ ፈተናውንም ለራሱ ይፈተናል። ሥራው ተንቀራፏል። የሚያጉረመርም አለ፤ እኔ ፊት ግን አይደለም። የየካቲቱ ሽያጭ ቀርቷል፤ አለቃዬ ለበላዮቹ ሲያስረዳ ሰንብቶ ትንሽ ከስቷል። ለእኔ ስለዚያ አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ኮምፒውተሩን ሁለቱንም በአንድ ላይ ጠየቅነው፤ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድም ሲያዘግምም። ብዙ ወራት ፈጀበት። የጫፉን ግንባር መልሶ አደነደነው፣ ጫፉንም ትንሽ ወደ ታች ጠመዘዘው። ካተረፍነው ከሰባቱ ሁለቱን መለሰ። አምስቱ ቀረልን። በነፋስ ክፍሉ ውስጥ ሥሩ ቀደመ። ደገምነው፣ ሥሩ ቀደመ። የፋብሪካው ሰዎች «ይበቃል» እስኪሉን ድረስ ሥሩ ቀደመ።

ትናንት አበረሩት። ከጎኗ ልቀመጥ ብዬ አመልክቼ ነበር፤ ለዚያ ሙከራ ከአብራሪ በቀር ማንም አይሳፈርም ብለው መለሱልኝ። እሷም «ሳንቃ ጭኜ አልበርም» አለች። ስለዚህ ከሩቅ፣ ከቢሮ ሆነን፣ አለቃዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከፍ አድርጎ ከፍቶልን የአየር ማረፊያውን ሬዲዮ አዳመጥን።

ድምፅዋ ሰው ቤት እንግዳ ሆና የተቀመጠች ነው የሚመስለው። ፍጥነቱን እየቆጠረች ትቀንሳለች። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታውን ልነግርዎት አልችልም፤ እርስዎ ስንቱን ሰምተዋል። አለቃዬ ማንኪያውን ይዞ ቀረ።

«ተቀመጠች» አለች።

የፋብሪካው አብራሪ አብሯት ነበር፤ «በመደበኛው ቋንቋ» አላት።

«አፍንጫዋን ደፍታ፣ ቀጥ ብላ፣ እንደ ደከማት ሴትዮ ተቀመጠች። ይዣታለሁ። ልድገም።»

ደገመች። ነዳጅ እስኪቀንስ ደጋገመችው፤ ክንፎቹን ዘቅዝቃም፣ የማረፊያ እግሮቹን ዘርግታም። ሰውየው «እንግዲህ ይብቃን» ሲላት «ስብሰባው አልተዘጋም» አለችው። ትርጉሙ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የሳቅሁትም እኔ ብቻ።

አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ አልቆሸሸም ነበር። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሲያልፍ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር የማስር መሰልኩ። ጫማዬ ክር የለውም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። «ሌላ ሰው ቢሆንስ አያስቆመውም ነበር?» ብላ ነበር። እንዳልተጠየቅሁ ሆኜ ከረምኩ። ትናንት ከበረራው በኋላ ስትደውልልኝ ራሴ አነሳሁባት። አስቆመው ነበር፣ ግን እየዘገየሁ፣ ስሌቱ ቁርጡን እስኪነግረኝ እየጠበቅሁ፤ ምናልባትም በጣም ዘግይቼ ነበር አልኳት። «እንደዚያ ነው የገመትኩት» አለችኝ፤ አልተቆጣችም። «ከእንግዲህ ክንፎቹን ሁሉ አንተ የማታውቀው ሰው የሚወጣበት እየመሰለህ ሳይሆን እኔ የምወጣበት እየመሰለህ ሥራ» አለችኝ። እሺ ብያታለሁ፣ በጽሑፍም ይኸው ለእርስዎ

አክስቴ፣ አቋርጬ ነበር፤ ደወለች።

«የት ነህ?»

«መንጃ ፈቃድ ወረፋ ላይ።»

«እኔ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ነኝ። ሻንጣዬ ከባድ ነው፣ ርቦኛል፣ እዚህ ያለው አግዳሚ ወንበር ተሰብሯል።»

«ነገ አልነበረም የምትመጪው?»

«ወሰንኩ።»

ከአጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዘንበል ብላ ሰምታ ኖሮ «ተራህ እኮ ደረሰ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ መስኮቱ ላይ የእኔን ቁጥር እየጠሩ ነው፣ ሰውየው አንገቱን አስግጎ ይፈልገኛል። ፖስታ ሳጥን ከበሩ ውጪ አለ። ይህን እዚያ ከትቼ ወደ ባቡር ጣቢያው እየወጣሁ ነው።